ወለተኪዳን የሞተችበት ሕመም

ኦስ፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ኮከቤ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት እርስዎም ልጅዎ አመተሥላሴም፣ በጎቹም ሳይቀሩ በጤና እንዲቆዩኝ አምላክን እየለመንኩ ከጉልበትዎ ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ። ደብዳቤዬን ለሚያነቡልዎት ለመሪጌታ መርስዔ ኃዘንም የከበረ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

የበግ እርባታ ትምህርቴን ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት ነገር ግን አለ። ይሳቀቃሉ ብዬ ነበር የተውኩት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጣቶቼና ጉልበቶቼ እያበጡ ያሠቃዩኛል። ጠዋት ስነሣ እጄ አይታጠፍም። ቁልፍ ማዞርና ጫማ ማሰር አቅቶኝ አብራኝ የምትኖረው ጽዮን ነች የምታለብሰኝ። በግ ልይዝ ሄጄ ሁለት ጊዜ አምልጦኛል።

የምታክመኝ ሐኪም ነገሩን በወረቀት እየሣለች አስረዳችኝ። በደማችን ውስጥ በሽታ የሚዋጉ ጠባቂዎች አሉ። አንዱ ጠባቂ ጠላት ሲያይ ሌሎቹን የሚጠራው ትንሽ ፕሮቲን ወደ ደም በመልቀቅ ነው። የእኔዎቹ ጠላት ሳይኖር ይጠራራሉ፤ ተጠራርተውም የገዛ መገጣጠሚያዬን ይበሉታል። አሁን አዲስ መድኃኒት ወጥቷል። ያንን ጠሪ ፕሮቲን ገና መንገድ ላይ ሳለ ይይዘዋል፤ ጥሪው ሲቆም እብጠቱም ይቆማል።

አንድ የሚያስፈራ ነገር ግን አለው። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም አንዴ ሰው ውስጥ ከገባ ሳያሳምም ብዙ ዓመት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ዙሪያውን አጥረው የሚይዙት እነዚያው ጠባቂዎች ናቸው። ጥሪው ሲቋረጥ አጥሩን ትተው ይበተናሉ፤ ጀርሙም ይወጣል። ስለዚህ «በልጅነትሽ የሳንባ ነቀርሳ ካለበት ሰው ጋር ኖረሻል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ክንዴን ወግተው ፈትነውኝ ምንም አልታየም፤ ሆኖም ለወራት የዋጥኩት የእብጠት ማስታገሻ ፈተናውን ሊያሳስት ስለሚችል አላመነችውም። «ቤተሰብሽን ጠይቂ» አለችኝ።

እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። በሆድ ሕመም ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። እባክዎ እርግጡን ይጻፉልኝ። ነቀርሳ ቢሆንም ችግር የለውም፤ መጀመሪያ ለጥቂት ወራት የሚከላከል ኪኒን ወስጄ ከዚያ እጀምራለሁ። መልስዎን ሳላገኝ አዲሱን መድኃኒት አልወስድም።

ልጅዎ ጽናት ገሠሠ


ሞላሌ
ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፤

የሰማይና የምድር ጌታ በባዕድ አገር ከለላ ይሁንሽ። እኛ ቸሩ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና አለን። ዘንድሮ ውርጩ ገብሱን ከታችኛው ማሳ ላይ መታው፤ የላይኛው ግን ተርፎ አጨድነው። ቡሬዋ በግ መንታ ወልዳለች።

የምሥራች ልንገርሽ። አመተሥላሴ ታጨች። የጠየቁን የመሪጌታ መርስዔ ኃዘን ወንድም ናቸው፤ ልጁ ታዲዮስ ይባላል፤ በዘመሮ አስተማሪ ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት 15 እንዲሆን ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል። ዘር ቆጥረው፣ ቤት አይተው፣ ወደውን ነው የመጡት። የእኔ ቤት ባል የሞተበት ቤት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እንዲህ ያለ ሰው ደጄን ያንኳኳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ስለ ሕመምሽ ሰማሁ። እነዚያ ጠጉር ሲፈትሉ የነበሩ ጣቶች እንዲህ ይሁኑ? ጠበል ልኬልሽ ቢሆን እወድ ነበር፤ መንገዱ ራቀ እንጂ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፤ እናትሽ ወለተኪዳን የሞተችው በሆድ ሕመም ነው። ሦስት ቀን ብቻ ተኝታ ነው ያረፈችው። በቤታችንም በዘራችንም የምትዪው ዓይነት ሕመም የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ለሐኪሟ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። መድኃኒትሽንም ውሰጂ፤ ይማርሽ።

እናትሽ ኮከቤ

ጸሐፊው መርስዔ ኃዘንም ሰላም ብዬሻለሁ። እግዚአብሔር ይማርሽ።


ኦስ
ታኅሣሥ 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ኮከቤ፤

የልደቱ በረከት ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ለአመተሥላሴ ደስታዬን ይንገሯት፤ ለሠርጓ ቀን የምትጫማውን ነጭ ጫማ እኔ እልካለሁ፤ የእግሯን ልክ በክር ለክታ ትላክልኝ።

የጻፉልኝን ለሐኪሟ ነገርኳት። እሷም ጻፈችው፤ ታኅሣሥ 8 መድኃኒቱን በክንዴ ደም ሥር አንጠብጥበው ሰጡኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገሙኝ። እትዬ፣ ምን ብዬ ልንገርዎ? በአምስተኛው ቀን ጠዋት ነቅቼ እጄን ጨበጥኩት። ዘረጋሁት፤ መልሼ ጨበጥኩት። ጽዮንን ጠርቼ አሳየኋት፤ አለቀሰች። ትናንት ብቻዬን አንዲት ጠቦት ይዤ ክትባት ወጋሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለኝ። ምናልባት የልጅ ነገር ይሆናል። እናቴ የምትጠጣበት ጽዋ ለብቻው ከበሩ ጀርባ ይሰቀል ነበር፤ እርስዎ በአመድ ሲያጥቡት ትዝ ይለኛል። ደግሞ ስትስል ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ሦስት ቀን ብቻ ነው የተኛችው ብለውኛል፤ በእኔ ትዝታ ግን ረጅም ጊዜ ይመስለኛል። ተሳስቼ ይሆን? ሦስተኛው መድኃኒት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ቢጽፉልኝ ልቤ ያርፋል።

ልጅዎ ጽናት


ሞላሌ
ጥር 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፤

እጅሽ መዳኑን ሰምቼ ለኪዳነ ምሕረት ጧፍ አብርቻለሁ። ስሟ የተመሰገነ ይሁን።

የጫማውን ልክ በቀይ ክር ለክተን በፖስታው ውስጥ አድርገናል። ለሠርጉ ድንኳን ከቀየት ከተማ እናመጣለን። ጠላው እንዲበቃ ጌሾ ከአሁኑ መግዛት ጀምሬአለሁ። ታዲዮስ ለጥምቀት መጥቶ ነበር፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ዓይኑን ከመሬት አያነሣም።

ስለ ጽዋው የጻፍሽው የልጅነት ነገር ነው። እናትሽ ንጽሕና ወዳድ ነበረች፤ ከሰው ጽዋ አትጠጣም ነበር። ሳሉም የጭስ ነው። የሞተ ሰው በሰላም ይረፍ፤ አሁን ነገሩን መቀስቀስ ለማንም አይበጅም። ትምህርትሽን ጨርሰሽ በሰላም ነዪልን።

እናትሽ ኮከቤ


ኦስሎ፣ ከሆስፒታል
የካቲት 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ ኮከቤ፤

ሰላምታዬ አጭር ስለሆነ ይቅር ይበሉኝ። ብዙ መጻፍ አልቻልኩም።

ሦስተኛውን መድኃኒት ከወሰድኩ ወዲህ በየምሽቱ ትኩሳት ይይዘኛል። አንሶላው በላብ ይርሳል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይቀይሩልኛል። ዘጠኝ ኪሎ ቀንሻለሁ። አንገቴ ላይ ባቄላ የሚያህል እባጭ ወጥቷል፤ ሆዴም ውስጥ አለ ይላሉ። ሳንባዬን በራጅ አይተው ንጹሕ ነው አሉ። አሁን የሚፈሩት ካንሰር ነው። ፊት ለፊቴ አይናገሩም፤ ግን ኮሪደሩ ላይ ሲነጋገሩ ቃሉን ሰምቻለሁ።

ሐኪሟ ዛሬም ያንኑ የድሮውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። እኔም እርስዎ የጻፉልኝን ደገምኩላት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። «አክስቴ አትዋሽም» አልኳት።

እትዬ፣ ፈርቻለሁ። በሠላሳ ዓመቴ እዚህ መሞት አልፈልግም። የምተኛበት ክፍል ስልክ ከታች ተጽፏል። ምናልባት ድምፅዎን ብሰማ።

ጽናት


ደብረ ብርሃን
መጋቢት 16 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፤

እግዚአብሔር እስትንፋስሽን ይጠብቅልኝ። ይህን ደብዳቤ በሕይወት ሆነሽ አንብቢው። ሌላ ምርቃት አፌ ላይ አልመጣልኝም።

ይህን የሚጽፉልኝ መሪጌታ አይደሉም። ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ለባላገር ማመልከቻ የሚጽፉ አቶ ቸሩ የሚባሉ ሰው ናቸው። እኔን አያውቁኝም፤ እኔም አላውቃቸውም። ለዚህ ብዬ ነው ሞላሌን ትቼ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተሰቃይቼ የመጣሁት። አመተሥላሴን ዓይኔን ልታይ እሄዳለሁ አልኳት።

እናትሽ የሞተችው በሳንባ ነቀርሳ ነው።

በሦስት ቀን አይደለም፤ ሁለት ዓመት ነው የታመመችው። ደብረ ብርሃን መጥታ መርፌ ጀምራ ነበር። ሲሻላት የገብስ አጨዳ ደረሰና «ድኛለሁ» ብላ አቋርጣ ተመለሰች። በሚቀጥለው ክረምት ደም መትፋት ጀመረች። አንቺ እስከ መጨረሻዋ ቀን ከእሷ ጋር በአንድ የጠጉር ባና ሥር ነው የተኛሽው። ብርዱን ታውቂዋለሽ፤ ሌላ ባና አልነበረንም። ላነሣሽ ስል ታለቅሻለሽ፤ እሷም «ተያት፣ ታሙቀኝ» ትለኝ ነበር። ተውኩሽ።

ሰው ሸሸን። ከእኛ ምንጭ በላይ ወጥተው ነበር የሚቀዱት። እናትሽ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «ይህን ሕመም ስሙን አታንሺ፤ ልጄን ሰው እንዳይሸሻት» አለችኝ። ማልኩላት። ስትሞት ለመጣው ሁሉ ሆዷን ነው አልኩ። ዓመት ዓመትን ወልዶ ሰዉም ረሳው፤ እኔም ያልኩትን ማመን ጀመርኩ።

ያንቺ የመጀመሪያ ደብዳቤ ሲመጣ ያነበቡልኝ መሪጌታ ናቸው። ስለ ነቀርሳ የጻፍሽው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ከወረቀቱ ተነሥቶ እኔ ፊት ላይ አረፈ። መልሱንም የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ልጄን የሚያገባው የእሳቸው ወንድም ልጅ ነው። ምን ልበል? «የለም ብለው ይጻፉ» አልኳቸው። በልቤ፣ ሃያ አራት ዓመት ያልወጣ ነገር አሁን አይወጣም አልኩ። ስለ ጽዋው ስትጽፊ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ያም ሆኖ ሁለተኛ ዋሸሁሽ።

ያለፈው ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ «አክስቴ አትዋሽም» የሚለው ላይ ስንደርስ ተነሥቼ ወጣሁ። መሪጌታ ቀሪውን ለባዶ ቤት ነው ያነበቡት።

ይህን ሳስጽፍ አቶ ቸሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እናቴ፣ ይህ ደብዳቤ ስንት ቀን ይፈጅበታል?» አሉኝ። ሦስት ሳምንት አልኳቸው። «ታዲያ ልጅቱ ሦስት ሳምንት አላት?» አሉኝ። ከዚያ ይዤው የመጣሁትን ደብዳቤሽን ተቀብለው የስልኩን ቁጥር አዩና ጃንጥላቸውን አጥፈው ወደ ቴሌ ይዘውኝ ሄዱ። ከዚህ በታች ያለውን እሳቸው ራሳቸው ይጻፉልሽ፤ እኔ ቋንቋውን አልሰማሁትም።

እኔ ቸሩ ነኝ። ቀድሞ የጤና ጣቢያ ጸሐፊ ስለ ነበርኩ እንግሊዝኛ በመጠኑ አውቃለሁ። አንዲት ነርስ ስልኩን አነሣች። ስምሽን ነገርኳት። አሁን ላናግርሽ እንደማልችል፣ ለምርመራ እንደወሰዱሽ ነገረችኝ። እኔም «እናቷ የሞተችው በቲቢ ነው፤ ልጅቱ ሁለት ዓመት በአንድ አልጋ አብራት ተኝታለች» አልኳት። እንድደግምላት ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት። ስትጽፍ ይሰማኛል። «ለሐኪሟ አሁኑኑ» እያልኩ ሳለ መስመሩ ተቋረጠ። መልሰን ብንደውልም አልገባልንም። አክስትሽ ከስልኩ ሳጥን ውጭ ቆመው «ሰማች? ሰማች?» ይሉኝ ነበር። የሰማች ይመስለኛል አልኳቸው። እርግጠኛ አይደለሁም።

ኮከቤ ነኝ፤ የጣቴን ምልክት አድርጌአለሁ።


ኦስሎ
ሚያዝያ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ኮከቤ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። በሕይወት አለሁ።

እጄ እንደገና አልታጠፍ ስላለ ይህን የምትጽፍልኝ ጽዮን ነች። ሰው እየሰማኝ የልቤን መናገር እንዴት እንደሚከብድ ዛሬ እኔም አየሁት።

ነርሷ ሰምታለች። የሰማችውን መዳፏ ላይ በብዕር ጽፋ ነው ወደ ሐኪሟ የሮጠችው። እኔ ከምርመራ ስመለስ ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። የነርሷን እጅ አሳየችኝና «ይህ እውነት ነው?» አለችኝ። «እናት፣ ቲቢ፣ አንድ አልጋ» ይላል። ሳነበው ባናው ሸተተኝ፤ የእናቴ ትኩሳት ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ። «እውነት ነው» አልኩ።

በማግስቱ የአንገቴን እባጭ ከፍተው ቁራጭ ወሰዱ። ጀርሙ ተገኘ። ሳንባዬን ትቶ በአንገቴ፣ በሆዴና በአጥንቴ መቅኔ ውስጥ ነበር። ሐኪሟ እንዲህ ያለው በዚህ መድኃኒት እንደሚመጣ ነገረችኝ፤ ሳንባ ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ያልፈዋል። «ሌላ ሳምንት ብንቆይ ኖሮ» ማለት ጀመረችና ተወችው።

አራት ዓይነት መድኃኒት ጀምሬአለሁ። መጀመሪያ ላይ ባሰብኝ። የቀድሞውን መድኃኒት ሲያቆሙት ጠባቂዎቹ ጥሪያቸውን መልሰው ሰምተው በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ እባጩ አንገቴን አፍኖት መተንፈስ አቅቶኝ ነበር። ሁለት ሌሊት ጽዮን እጄን ይዛኝ ተቀመጠች። አሁን ትኩሳቱ እየቀነሰ ነው። መድኃኒቱን ዘጠኝ ወር እውጣለሁ። እጄን በተመለከተ ወደፊት ይታያል ብለውኛል።

እትዬ፣ አልደብቅዎትም፤ ተቆጥቻለሁ። አንድ መስመር ነበር የጠየቅኩዎት። አዎ ቢሉኝ ኪኒን ውጬ ዛሬ በግ እይዝ ነበር። ደብዳቤዎን ሳነብ ግን ያቺ ብርድ ያለባት ቤት መጣችብኝ፤ እናቴ ያስማለችዎ ለእኔ ብላ መሆኑን ሳስብ ማንን እንደምቆጣ ጠፋኝ። ይቅር ለማለት ጊዜ ይስጡኝ። እንደምለው ግን አውቃለሁ።

አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እርስዎ ያቺን ጽዋ ያጠቡ ነዎት። አመተሥላሴ በዚያች ቤት ነው የተወለደችው። ሁለታችሁም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ከሠርጉ በፊት ይሁን። ነጩን ጫማ ልኬአለሁ።

ለአቶ ቸሩ ምን ልላክላቸው? አድራሻቸውን አላውቅም። ካገኟቸው ሰምታለች ይበሏቸው።

ጽናት


ሞላሌ
ግንቦት 1 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፤

ከሞት አፍ ላወጣሽ አምላክ ምስጋና ይግባው። ደብዳቤሽ እስኪመጣ ድረስ ሞተሻል ወይስ አለሽ እያልኩ አርባ ቀን ያህል ኖሬአለሁ። ፖስታውን ተቀብዬ በሻሽ ቋጥሬ ግማሽ ቀን ዋልኩ፤ አስከፍቼ መስማት ፈራሁ።

ይህን የሚጽፉልኝ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እኔም፣ «መልሱን እንጻፍ» አልኳቸው።

«ዛሬ?» አሉኝ።

«ዛሬ። የምለውን ሁሉ ሳይቀንሱ ይጻፉልኝ። እኅቴ ወለተኪዳን የሞተችው በሳንባ ነቀርሳ ነው። ሁለት ጊዜ የለም ብዬ ያስጻፍኩዎት ውሸት ነው። ለወንድምዎም ይንገሯቸው፤ ሠርጉን ከፈለጉ ያቁሙት።»

ጻፉት። የቀረውን ከቀናት በኋላ ነው የጨረስነው፤ በዚያው ማታ ለወንድማቸው ነገሯቸው። ሰውየው በማግስቱ መጥተው ከደጅ ቆመው ተናገሩኝ፤ አልገባም አሉ። «ለምን አልነገራችሁንም?» አሉ። አመተሥላሴ ከጓዳ ወጥታ፣ «አባቴ፣ እመረመራለሁ። ታዲዮስም ይመርመር፤ ዘመሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል ሲያስተምር የሚውለው እሱ ነው» አለቻቸው። እንዲህ አድርጋ ትናገራለች ብዬ አላሰብኩም። ሰውየው ተመልሰው ሄዱ። ታዲዮስ ግን ከሁለት ቀን በኋላ ብቻውን መጥቶ አብሯት ጤና ጣቢያ ሄደ። ሁለቱም ነጻ ናችሁ ተባሉ። የእኔ የአክታ ምርመራ መልስ ገና አልመጣም። ሲያመኝ ስለ ከረመው ሳል ጠይቀውኝ ያለውን ሁሉ ነግሬአቸዋለሁ።

ግንቦት 15 የተባለው ሠርግ ቀርቷል። ሌላ ቀን ይቆረጥ እንደሆነ አልተነገረንም። አመተሥላሴ ጫማሽን ለክታው ልኳ ሆነ፤ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

አቶ ቸሩን ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሄጄ ላገኛቸው አስቤአለሁ፤ ውጤቴን እንዳገኘሁ እሄዳለሁ። ይቅርታሽን በጊዜሽ ስጪኝ፤ አልቸኩልሽም።

ይህን ጨርሰን ልፈርም ጣቴን ቀለም ላይ ሳደርግ መሪጌታ ያዙኝ። «ቆዪ፣ ኮከቤ» አሉኝ። «በጥር ያንን የጽዋውን ነገር ሳነብልሽ ገብቶኝ ነበር። የልጅቱ ነፍስ እንዳለበትም አውቄአለሁ። የወንድሜን ልጅ ሠርግ አስቤ፣ የነገርሽኝን እንዳለ ጻፍኩ።»

እኔም፣ «ይህንንም ይጻፉላት» አልኳቸው።

ብዕሩን መልሰው አንሥተው ጻፉት።

ኮከቤ፣ የጣት ምልክት
መርስዔ ኃዘን፣ በራሱ እጅ